ለቢጫዎቹ የተሳልኩት ጥላ

ርጥብ ጭድ በሸተተኝ ቁጥር አፍራለሁ። ለሰው ቢነገር የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኔን ግን አያስቀኝም። ሰሞኑን ጎረቤታችን ግድግዳዋን ልታስመርግ ጭድና ጭቃ አስቦክታ ከበራችን ፊት ለፊት አስቆልላዋለች። ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲወጣ ቤት የሚጠገንበት ጊዜ ስለሆነ የሚገርም የለውም፤ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎም ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ባጠገቡ ሳልፍ ፊቴ ይግላል፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እስበዋለሁ። ሴትዮዋ ሽታው ያንገሸገሸኝ መስሏት ትናንት በራችን ድረስ መጥታ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እስከ ቅዳሜ ያልቃል» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ሽታውን አልጠላሁትም። ደስ ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝም ነው የማፍረው። ባለቤቴ ተሾመ ከውስጥ ሆኖ ይሰማን ነበር። ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ያኔ ካርቱም ነበርን፣ ሳጃና። አገር ቤት እኔ የሰውነት ማጎልመሻ፣ ተሾመ የታሪክ መምህራን ነበርን። ለምን እንደወጣን አሁን ባወራው ማንም ቁም ነገር ብሎ አይሰማኝም፤ ያኔ ግን የሚያስወጣ ነገር ነበረና ወጣን። ካርቱም ስንደርስ ትምህርታችሁ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀን የለም። እኔ ካፉሪ፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚሉት በኩል ያለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤት ገባሁ። እሱ ኦምዱርማን ገበያ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ዘንድ የመጋዘን ሠራተኛ ሆነ። ሰውዬው ተሾመን «ያ ኡስታዝ»፣ መምህር ሆይ፣ እያለ ነበር የሚጠራው፤ ይህችን ታህል ክብር አልነፈገውም። ሳጃና ደግሞ የእኛው ሰፈር ነበረች ማለት ይቻላል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ በየበሩ አማርኛ ይሰማል፣ ከየሻይ ቤቱ የአገር ቤት ዘፈን ይንቆረቆራል፣ እዚያ የተወለዱት ልጆች ግማሹን በአረብኛ ግማሹን በአማርኛ ይሰዳደባሉ። ሐፍላ የሚሉት ሚኒባስ በአንድ ጊኔ ድልድዩን ያሻግር ነበር፤ መውረድ የፈለገ ሰው ወራጅ አይልም፣ ጣቱን ያንቋቋል። እኔ ጣት ማንቋቋት እስክችል ድረስ ስንት ጊዜ ከምወርድበት አልፌ በእግሬ እንደተመለስኩ እግዜር ይወቀው። ከቻልኩ በኋላ ግን እንደኔ የሚያንቋቋ አልነበረም፤ ሾፌሩ ራሱ ዞሮ ያየኝ ነበር።

ግን የምንኖረው ሳጃና ሳይሆን ፕሮሰስ ውስጥ ነበር ብል ይሻላል። ወደ አንዱ ብርዳም አገር የሚወስደን ጉዳይ ተጀምሯል፣ ቃለ መጠይቁም አልቋል፣ የቀረው ስልክ እስኪደወል መጠበቅ ነው። ዓመቱ ይመጣል ዓመቱ ይሄዳል፣ ስልኩ አይደወልም። ተሾመ ግን ሁልጊዜ ነገ እንደሚሳፈር ሰው ነበር። አንድ ቀን ኦምዱርማን ገበያ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ አመድማ የሱፍ ካፖርት መዝዞ አመጣ፤ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ ገበሩ ያልተነካ። በዚያ ምድጃ በሆነ ከተማ ካፖርት የሚሸጥ ሰውና ካፖርት የሚገዛ ሰው መገናኘታቸው ራሱ ተአምር ነው። ናፍታሊን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከበሩ ጀርባ ሰቀለው፤ በየጊዜው እያወረደ ያራግፈውና መልሶ ይሰቅለዋል። ለቤቱ ግን ምንም አይገዛም። የተኛንባቸው በገመድ የተወጠሩ ዐንገረቦች እንኳ የአከራያችን ነበሩ። «ተሼ፣ እባክህ ሙከይፍ እንግዛ» ስለው «ተሸክመነው ልንሄድ ነው?» ይለኛል። ሙከይፍ መስኮት ላይ የሚገጠም የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ጎኖቹ በጭድ የተሞሉ ናቸው፣ ጭዱ ላይ ውኃ ይፈሳል፣ ማራገቢያው በርጥቡ ጭድ ውስጥ አየር እየሳበ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሳጃና ውስጥ ሙከይፍ የሌለው መስኮት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በግንቦት ላብ ሲያሰምጠን የአልጋ ልብሱን ውኃ ነክረን እንተኛበታለን፣ ሳይነጋ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። እኔም እንደ ሚስት እሺ ብዬ ኖርኩ።

ኳሱን ያገኘሁት በዚህ መሀል ነው። ሐሙስ የቪላው እመቤት ወደ ዘመዶቿ ስለምትሄድ እኔን ቀደም ብላ ታሰናብተኝ ነበር። ከካፉሪ ወጥቼ ባሕሪ ላይ ሐፍላ ለመቀየር ስወርድ፣ ከግንብ አጥር ኋላ የኳስ ድምፅ ሰማሁ። የእግር ኳስ ድምፅ አይደለም፤ ሲሚንቶ ላይ የሚነጥር የቅርጫት ኳስ። ያን ድምፅ ስሰማ ባገር ቤት ማሠልጠኛ ተቋም ነጭ ሸራ ጫማዬን አስሬ ሜዳ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። አጭር ነበርኩ፣ ግን ከእጄ ኳስ ነጥቆ የሚሄድ ልጅ አልነበረም። በሩ ላይ ለቲኬት የማይረባ ሳንቲም ከፍዬ ገባሁ። ጣራ የለውም፣ ከሦስት በኩል የሲሚንቶ ደረጃ ነው፣ መብራቱ አራት እንጨት ላይ ተሰቅሎ ትንኝ ይከበዋል። ሁለት ሰዎች በባልዲ ውኃ እየረጩ አቧራውን ያስተኛሉ። የጋለ ሲሚንቶ ውኃ ሲጠጣ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ እሱን እየሳብኩ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩ። ቢጫ ማልያ የለበሱት ተሸነፉ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነሱ ሆንኩ።

ስማቸው ሌላ ነበር፣ ግን ሁሉም «አስፋር» ይላቸዋል፣ ቢጫ እንደማለት፤ እኔም ቢጫዎቹ አልኳቸው። ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ናቸው፤ ደመወዙ ሲዘገይ ሲጫወቱ ያስታውቅባቸዋል። በየዓመቱ ዋንጫው ጫፍ ይደርሱና ለኦምዱርማኖቹ፣ ለአረንጓዴዎቹ አስረክበው ይመጣሉ። ከጎኔ የምትቀመጠው ሐጃ ዘይነብ የምትባል የባሕሪ ሴት ነበረች፤ ደሉካ፣ ያን የሴቶች የሸክላ ከበሮ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ የምትመታ። መጀመሪያ ቀን ነጠላዬን አይታ ሣቀችብኝ፣ ቀጥላ የተጠበሰ የሐብሐብ ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። «ተፈደሊ፣ ያ ሐበሺያ። ካልጮኽሽ ግን ብዪና ሂጂ፤ እዚህ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የአረንጓዴዎቹ ሰላይ ነው» አለችኝ። ዘፈናቸውን አስተማረችኝ፣ ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ገብቶኝ አያውቅም፣ ግን ከማንም በላይ እጮኸው ነበር። እሷው ናት ያረጀ ቢጫ ቶብ የሰጠችኝ። ቶብ ሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙበት ረጅም ጨርቅ ነው። የማኅበራችን ሰው ቢያልፍ እንዳያውቀኝ ብዬ ለብሼው እገባለሁ፤ ኳስ በገባ ቁጥር ስዘል ይፈታና መሬት ይወርዳል፣ ቶቡ እግሬ ሥር፣ እኔ ከነቀሚሴ እንደቆምኩ እገኛለሁ። ሐምሳ ዓመት የዘለላት የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ፣ በአረብኛ ዳኛ ስትሰድብ። ሐፍላ ውስጥ ስገባ ያፈረ ሰው ሆኜ ቶቡን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር እደብቀዋለሁ።

ለተሾመ ነግሬው ነበር። አንድ ሐሙስ ከደስታዬ ብዛት አላስቻለኝምና «ዛሬ ኳስ አየሁ፣ እንዴት ያለ ጨዋታ መሰለህ» አልኩት።

«የማንን ኳስ?»

«የባሕሪዎቹን።»

«የእነሱን ኳስ?» አለኝ፤ ከሰው ማዕድ ጎርሼ እንደመጣሁ ዓይነት። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁም። ሐሙስ አመሻለሁ እለዋለሁ፣ እሱም አይጠይቀኝም። እውነቱን ብናገር እኔ ራሴ ነገሩ የሚያሳፍር ይመስለኝ ነበር። ስደተኛ ነን፤ የሚጠበቅብን መጠበቅ ነው። በሚጠበቅበት አገር ደስ ሊልሽ አይገባም። ጥርስሽን ገልጠሽ ከሣቅሽ አንድ የሆነ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አይቶሽ «እሷማ ተመችቷታል» ብሎ ጉዳይሽን ከሥር የሚያደርገው ይመስላል።

ከቢጫዎቹ ዓይኔ ያረፈበት ዴንግ ነበር፣ የደቡብ ሰው፣ ሲሄድ እንኳ ቀለበቱን ላለመንካት ጎንበስ የሚል የሚመስል ረጅም። ደቡቦቹ አገራቸውን የለዩ ጊዜ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ዕቃቸውን በጀልባና በካሚዮን ጭነው ሄዱ፣ ከቡድኑም ጓደኞቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ። ከሜዳው በር ላይ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን እዚያ በርጩማ ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። አንዱ ደጋፊ «ያ ዴንግ፣ መቼ ነው ወዳገርህ የምትሄደው?» ብሎ ይጠይቀዋል።

«ሐሙስ ጨዋታ አለን» አለ ዴንግ። «ከሐሙስ በፊት የት እሄዳለሁ?»

ያ አነጋገር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከእኔ አፍ ግን የዚያን ዕለት የወጣው የመምህርት ቃል ነው። «ነፃ ውርወራ ስትወረውር ጉልበትህን አታጥፍም፣ ለዚህ ነው የምትስተው» አልኩት። ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ታች ስል ብዙም አልራቀበትም። «ሀድር፣ ያ ኻልታ» አለኝ፣ እሺ አክስቴ እንደማለት። ሁሉም ሣቁ፣ እኔም በአፌ ጮሌነት አፍሬ ሐፍላዬን ለመያዝ ሮጥኩ።

ያቺ የመጨረሻዋ ጨዋታ ግንቦት ውስጥ ነበረች፣ ከአረንጓዴዎቹ ጋር። ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲነፍስ ውሎ አመሻሹ ላይ ረገበ፣ ጥርሳችን አሸዋ አሸዋ ይላል። ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተበልጠን ሳለ ዴንግን ቀለበቱ ሥር መቱትና ሁለት ነፃ ውርወራ ተሰጠው። መጀመሪያው ብረቱን መታና ዞሮ ገባ። እኩል ሆንን። ሐጃ ዘይነብ ደሉካዋን አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጆቿን ዘረጋችና በሆነ ሼኽ ስም በግ ተሳለች፣ ከራማ፣ የምስጋና ድግስ። እኔም አጠገቧ ቆሜ በባዶ እጅ መቅረት ሆነብኝ። «ቅዱስ ገብርኤል» አልኩ፣ ቶቡን አፌ ላይ ይዤ። «ይህችን አስገባልኝና ጥላ ይዤልህ እመጣለሁ። በሕዝብ ፊት ቆሜ እመሰክርልሃለሁ።» ምን ቆርጦኝ ምስክርነቱን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጥላው ይበቃ ነበር። ዴንግ ኳሷን ሁለቴ አነጠረ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ወረወረ። መረቡ ብቻ ነው የተነቃነቀው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም፤ ቶቡን አንድ ልጅ ከታች አምጥቶልኛል።

ሐጃ ዘይነብ በሳምንቱ በጓን አርዳ ሩዝ በትልቅ ሳህን ከሜዳው በር ላይ አቀረበች። «ለኳሱ ነው፣ ብሉ፣ ያላ» ትላለች ላላፊ አግዳሚው። ማንም አልገረመው፤ ሣቁ፣ በሉ፣ መረቁ። ለእሷ እንዲህ ቀላል ነበር። እኔ ግን እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የእኛ ሰው በገብርኤል ዕለት የሚመሰክረውን አውቀዋለሁ፤ እስር ቤት የነበረ ልጅ ተፈታልኝ፣ በበረሃ የጠፋው ወንድሜ ደወለልኝ፣ መካኗ እህቴ ወለደች። በዚያ መሀል ቆሜ ነፃ ውርወራ ልል ነው። ላለመመስከር ደግሞ ተስያለሁ። ሰውን እሸውድ ይሆናል፣ መልአክን እንዴት አድርጌ?

ጥላውን መተማ እየተመላለሰች በምትነግደው በዘነበች በኩል ከጎንደር አስመጣሁ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ። «ስለት ነው» አልኳት እንጂ የምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ በእኛ ዘንድ የሰመረ ስለት ጥላው ገብቶ እስኪመሰከር ድረስ አይወራም፣ አይጠየቅምም፤ ይከሽፋል ይባላል። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» ብላ እጄን ሳመችኝና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሳጃና ውስጥ የእኔ ዕድሜ ያላት፣ ለልጅ ጊዜዋ ያለፈ፣ የታሰረ የሌላት፣ የታመመ የሌላት ሴት ጥላ አስመጣች ከተባለ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፕሮሰሳቸው አልቋል ነው። ወሬው ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ሲዞር እኔ አልሰማሁም፤ ለባለጉዳዩ አይነገርማ። ከተሾመ ጆሮ ግን ደርሷል። እሱም ወግ አጥባቂ ነው፣ አልጠየቀኝም። ስልኩን እኔ ያነሳሁት፣ ወሬውን እስከ ሐምሌ ገብርኤል በሆዴ የያዝኩት መስሎታል። ያን ሰሞን እያንጎራጎረ ይላጭ ነበር። ከኦምዱርማን ሲመጣ ባስታ፣ ያን ማር የሚንጠባጠብ ኬክ፣ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ ሞኟ፣ ሰውዬው ምን አገኘ እያልኩ በደስታው ደስ ይለኛል።

በሐምሌ ገብርኤል ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ተሾመ በር ላይ ቆሟል። ካፖርቱን ለብሶታል። እስከ አንገቱ ቆልፎታል፣ ናፍታሊኑ ይሸታል፣ ፊቱ ከአሁኑ ላብ በላብ ነው። ከጥግ ተጋድመው የኖሩት ሁለቱ ሻንጣዎች ተወልውለው ቆመዋል።

«ተሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ዛሬ ካልለበስኩት መቼ ልለብሰው ነው?» አለና ሣቀ። «ሥራውንም ትናንት ተሰናብቼዋለሁ። ሰውዬው ምሳ ጋበዘኝ፣ አቅፎ ነው የሸኘኝ።»

ክንዱን ያዝኩት። «ተሼ፣ ስማኝ፣ ስለቱ…»

እጁን አፌ ላይ አደረገው። «እንዳትነግሪኝ። ስንት ዓመት የታገሥኩትን አሁን ለአንድ ሰዓት ልታከሽፊብኝ ነው? ስለቱ ይግባ፣ ከሰው ጋር እሰማዋለሁ።» መንገድ ላይ ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም «ኢንሻላ፣ ስለቱ ይግባ» እያለ ቀደመኝ። ከአረብኛው ሁሉ የሚወዳት ቃል እሷ ነበረች።

ከቅዳሴ በኋላ ባለ ስለቶቹ ተሰለፍን። ከፊቴ የነበረችው ልጅ ዓይኗ የበራላት እናቷን ይዛ መጥታ ነበር፣ ሕዝቡ አለቀሰ። ከዚያ ማጉያውን የያዘው ዲያቆን «እህታችን ወርቅነሽ ይህን ጥላ ይዛ መጥታለች፤ መልአኩ ያደረገላትን ትመስክር» አለ። አፌን ሳልከፍት እልልታው ቀለጠ። ሁሉም ያውቃላ። ከወንዶቹ መሀል ያን ካፖርት አየሁት፤ በነጭ ነጠላ መሀል አንድ አመድማ ነገር፣ ከላዩ የተሾመ ፊት፣ እንደ ሙሽራ። «ለተደረገልኝ ሁሉ ተመስገን» ብዬ መውረድ እችል ነበር። ግን ያኔ እቤት ሄዶ ሻንጣ ይዘጋል።

«የተሳልኩት…» አልኩ። ድምፄ በማጉያው ሲመለስ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የተሳልኩት ለኳስ ነው። ለቅርጫት ኳስ። ባሕሪ ያለ አንድ ቡድን አለ፣ እሱ እንዲያሸንፍ ብዬ ነው። አሸነፈልኝ። ሌላ ምንም የለም። የተደወለ ስልክ የለም።»

እልልታው እንደተቆረጠ ክር ቆመ። ጆሯቸው የከበደ አንዲት አሮጊት ብቻ ለብቻቸው ቀጠሉ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን እስክትይዛቸው ድረስ። ከኋላ የጎረምሶች ሣቅ ሰማሁ። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ይሣቅ ይለቀስ አላወቅሁም። አባ ወደ እኔ መጥተው ጥላውን ተቀበሉኝ፣ ዘርግተው አዩትና «ያምራል፣ ልጄ» አሉ፣ ቀጣዩን ጠሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተሾመን ለማየት ቀና ስል እሱ እኔን አያይም። አንገቱን ደፍቶ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይፈታል።

በእግራችን ተመለስን፣ እሱ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ እኔ ከኋላ። ሳጃና ልንገባ ስንል ቆም አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ከለከልከኝ እኮ።»

«የዛሬውን አይደለም። እዚህ አገር የምትወጂው ነገር እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእነሱን ኳስ ብለህ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለፕሮሰሱ ተስለሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«በየወሩ ጧፍ አበራለሁ፣ ታያለህ አይደል።»

«ተስለሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

አላውቅም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዳላደረግሁት ራሴም ልብ አላልኩትም። ለአንዲት ኳስ ከአንጀቴ የለመንኩ ሴት ለእሱ ዓመታት ጉዳይ ጧፍ ብቻ ሳበራ ኖሬያለሁ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ፣ እሱም መልሱን ከዚያ አገኘው። ከዚያ የባሰ ሐፍረት በሕይወቴ አላገኘኝም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የደረሰብኝ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

ተሾመ እሁድ እሁድ ይሄድበት የነበረውን ሻይ ቤት ተወ። በማግሥቱ ኦምዱርማን ሄዶ የተሰናበተውን ሥራ መልሶ ለመነ፤ ሰውዬው «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ያ ኡስታዝ፣ መጋዘኑ የትም አልሄደም» ብሎ ቁልፉን ሰጠው። እኔም ሐሙስ ከካፉሪ በቀጥታ ወደ ቤት እመለስ ጀመር። ሐፍላ የምቀይረው ከሜዳው አልፌ ነው፤ ሜዳው ጋ ስደርስ ጣቴን አላንቋቋም፤ ሐፍላው ሲያልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ለቢጫዎቹ አልነገርኳቸው፣ ለሐጃ ዘይነብ አልነገርኳት፤ እንዲሁ ጠፋሁ። ተሾመ ጥቂት ሳምንት እንዲህ ሲመለከተኝ ቆየ።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ የአህያ ጋሪ ቆሟል። ተሾመና ባለ ጋሪው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተሸክመው ወደ መስኮቱ ይገፋሉ። ሙከይፍ። ለመንገድ ብሎ ያስቀመጣትን ገንዘብ አውጥቶ ነው የገዛት። ጭዱ አዲስ ነው፣ ቢጫ፣ አቧራው ገና አልለቀቀም። ሳጥኑ ከመስኮቱ ስለሚያንስ በጎኑ አንድ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ፤ ሙቀቱ እንዳይገባበት መደፈን አለበት። እኔ ጨርቅ ፍለጋ ጓዳ ስገባ ተሾመ ከበሩ ጀርባ ካፖርቱን አወረደ። ስመለስ አጣጥፎ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ተጠንቅቆ፣ ክፍተቱ ውስጥ እየጠቀጠቀው ነበር። ናፍታሊኑ ከኪሱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«ተሼ፣ ተው» አልኩት።

«ልኩ ነው» አለኝ፣ ሳይዞር። ውኃ በጣሳ ጭዱ ላይ አፈሰሰ፣ አስነሳው። ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀዝቃዛው አየር አንገቴን ሲነካኝ ዐንገረቡ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብዙ ሰው ባሏ ሙከይፍ ገዛላት ብሎ ቀናብኝ፤ የገዛልኝ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። መጠበቁን አቁሞልኝ ነው። «ነገ ሐሙስ ነው» አለኝ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «ጨዋታ የላቸውም?»

እሱ አንድም ቀን ሜዳ ገብቶ አላየም። ሐሙስ ሐሙስ ስመለስ ግን ጭዱን አርሶ ይጠብቀኝ ነበር፤ መብራት ከጠፋ በካርቶን እያራገበው። በሩን ስከፍት ርጥብ ጭድ ይሸተኛል፣ ከሳጥኑ ጎን የካፖርቱ እጅጌ ወጣ ብሎ ይታየኛል። «አሸነፉ?» ይለኛል፣ እኔም ዓይኔን ከእጅጌው ሳላነሳ እነግረዋለሁ። ቢጫዎቹ ሲያሸንፉ ይበልጥ አፍር ነበር።

ስልኩ አልተደወለም። በኋላ ጦርነት ገብቶ ያቺ ከተማ ሰዎቿን ሁሉ ስትበትን እኛም በመተማ በኩል የለበስነውን ይዘን ወጣን፤ ሙከይፉም ካፖርቱም መስኮቱ ላይ ቀሩ። ሐጃ ዘይነብ የት እንደገባች፣ ዴንግ የት እንዳለ አላውቅም። አሁን ጎንደር ብርድ ነው፣ ተሾመም አርጅቷል፣ ብርዱ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ትናንት አመሻሽ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ጋቢ ደረብኩለት፣ የእኔንም ጨመርኩለት፣ አልሞቀውም። ያ ካፖርት በዓይኔ ዞረ፤ እሱም የዞረበት ይመስለኛል፣ ግን አላነሳንም። በተከፈተው መስኮት የጎረቤታችን ጭድ ሽታ ከነነፋሱ ይገባል። ልዘጋው ስነሳ ቀሚሴን ያዘኝ።

«ተዪው፣ ወርቄ» አለኝ። «ሐሙስ ነው።»